መስቀለኛ መስመሮች

ስካርንቢ፣ ዮርክሸር
ሴፕቴምበር 3 ቀን 1979

ውድ አምብሮዝ፣

አይ፣ ጣሪያው አሁን አያፈስም። ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ገና እምቢ አላለም። ድመቷ ግን ሞታለች። አሥራ ሰባት ዓመት ኖራ፣ እራቷን በልታ፣ ወንበሬ ላይ እንደተኛች ነው ያለፈችው። እኔም ከዚህ የተሻለ አልመኝም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ዘግይቼ አላውቅም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አርባ ዓመት ሳስተምር «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚል ተማሪ ይቅርታ አድርጌለት ስለማላውቅ፣ እኔም ያንን ሰበብ አላቀርብም። እውነቱን ግን ልንገርዎ፤ ፊልም ሠሪዎች መጥተውብናል።

በወደቡ ጎዳና ላይ ያሉት የቴሌቪዥን አንቴናዎች በሙሉ ከየጣሪያው ወርደዋል። ጠዋት ጠዋት የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ዛሬ ይሆናል። ዓሣ ሻጩ ስቶክዴል ትናንት በመስኮት ጠርቶ «ሚስ፣ አሁን ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነን? መጋረጃዬን ላውርደው ወይስ ልተወው?» አለኝ። ወገቧን አጥብቃ ያሰረች፣ ቀሚሷ መንገዱን የሞላ ወይዘሮ የወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጣ ዓሣና ድንች ጥብሷን ከወረቀት ስትበላ አየኋት። አንድ ቄስ ደግሞ ለከሰል ተሸካሚ ሲጋራ ሲለኩስለት ነበር።

እኔንም ቀጥረውኛል፤ እንዳይስቁ። ዳይሬክተሩ ሚስተር ጋርሳይድ ይባላል፤ በበጋ ሻርፕ የሚጠመጥም ሰው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ነው ወደ እኔ የላከው።

«ሚስ ፒከርስጊል፣ በድሮ ብዕር ይጽፋሉ አሉኝ» አለ የቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ።

«በብዕር እጽፋለሁ። የድሮ መሆኑን ገና ከእርስዎ መስማቴ ነው» አልኩት።

በፊልሙ ውስጥ የጥንቷ ሴት የምትልካቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ እኔ እጽፋለሁ። ሲጻፍ የሚታየው እጅ ግን የተዋናይቷ ነው፤ የእኔ እጅ ጀርባው ላይ የእርጅና ነጠብጣብ አውጥቷል። ስለዚህ ልጅቷን በሦስት ሳምንት ውስጥ በወጉ እንድትጽፍ ማስተማር አለብኝ። ታምሲን ትባላለች፤ ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው፤ ብዕር የምትይዘው እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው።

በሦስተኛው ገጽዎ ላይ ላለው ጥያቄ ጊዜ ይስጡኝ። አይቼዋለሁ፤ አላየችውም እንዳይሉ።

አክባሪዎ
ሄስተር ፒከርስጊል


ደኒደን፣ ኒውዚላንድ
ሴፕቴምበር 17 ቀን 1979

ውድ ሄስተር፣

ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ብቻ እንደ ፈቃዱ ይሰማል። ሐኪሙ መሰላል ላይ እንዳልወጣ ከልክሎኛል፤ ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ የከለከለኝ ምንም አላልኩትም። ለድመቷ አዝኛለሁ። እኔን ቧጥጣኝ የማታውቅ ብቸኛዋ የስካርንቢ ፍጥረት እሷ ነበረች፤ አላገኘችኝማ።

አራት ገጽ ጽፈሽልኛል። ሦስቱ ስለ ፊልም፣ አንዱ ስለ ድመትና ስለ ጉልበት ነው። ምናልባት የእጅ ጽሕፈቴ አስቸግሮሽ ይሆናል፤ ድሮም ዶሮ የጫረችው ይመስላል ትይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን በትልልቁ ልድገመው። ቤቴን ሸጬ ወደ ስካርንቢ ልምጣ ወይ? ልታገቢኝ ፈቃድሽ ከሆነ ደስታዬን አልችለውም። ካልሆነም ከቤትሽ ሦስት በር አልፌ እከራይና፣ ሻይሽን በመስኮት በኩል ስትጠጪ እያየሁ የራሴን እጠጣለሁ። እዚያም ሳልፈለግ እንዳልመጣ ነው የምጠይቅሽ።

በ1931 ስጠይቅሽ እናትሽ ታመው እሳቸውን ጥለሽ መሄድ እንደማትችዪ ነገርሽኝ። ሻንጣዬን ይዤ እዚህ ድረስ መጣሁ፤ ጀልባ ሠራሁ፤ ደግ ሴት አገባሁ፤ ቀበርኳት። እናትሽም ካረፉ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው። አሁን የሚይዝሽ ማን ነው?

የምቸኩለው ስላረጀሁ ብቻ አይደለም። ልጄ መርል ከቤቷ ጀርባ ክፍል ልትሠራልኝ ነው፤ አናጢው ዲሴምበር 1 ይመጣል። ትናንት «አባዬ፣ ወይ ሂድ ወይ ቆይ፤ ሻንጣህን ኮሪደር ላይ ዘርግተህ እግሬን አትስበረኝ» አለችኝ። ልክ ናት። ክፍሉ ከተሠራ በኋላ ትቼው መሄድ አልችልም፤ ያሳፍራል።

ለመሆኑ የፊልሙ ሰውዬ ልጅቷን ያገኛታል?

አምብሮዝ ተንስታል


ስካርንቢ
ኦክቶበር 2 ቀን 1979

ውድ አምብሮዝ፣

ድሮ ይሠሩበት የነበረው የጀልባ መሥሪያ አልፈረሰም፤ አሁን የአይስክሬም መሸጫ ሆኗል። በሩ ግን ያው የእርስዎ በር ነው፤ ዛሬም ከታች ያብጣል።

ታሪኩን ጠይቀውኛል። ታሪኩ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። በ1868 የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ የመጣ መሐንዲስ ከመንደሩ አስተማሪ ጋር ይዋደዳል። በዛሬው ዘመን ደግሞ ያንኑ ሐዲድ ልታዘጋ ከለንደን የተላከች ሴት ከጣቢያው የመጨረሻ ኃላፊ ጋር ትዋደዳለች። ሁለቱንም ሴቶች ታምሲን ናት የምትጫወተው። የጥንቷ በሩን ትከፍትና የዛሬዋ ትገባበታለች፤ ፊልሙ እንዲህ ሲመላለስ ይቆያል። የጥንቶቹን አገር ምድሩ ይከለክላቸዋል። የዛሬዎቹን የሚከለክላቸው ሰው የለም፤ እነሱ ግን ስልክ ጆሮ ላይ እየዘጉ ይኮራረፋሉ። ለታምሲን ይህን ብነግራት «ሚስ ሄስተር፣ እኛ እኮ ከልካይ ስላጣን ራሳችንን የምንከለክለው እኛው ነን» አለችኝ። ቂል ልጅ አይደለችም። አሁን ብዕሩንም እንደ ሰው ትይዛለች።

የጥንቷ ሴት መሐንዲሱን እምቢ ትለዋለች። ለምን እንደሆነ ሚስተር ጋርሳይድ ራሱ አያውቅም፤ ጽሑፉም የራሱ ነው።

«ሚስ ፒከርስጊል፣ በእርስዎ አስተያየት ለምን ይመስልዎታል?» አለኝ።

«እጄን ነው የቀጠሩት፤ ጭንቅላቴን አይደለም» ብዬ ወጣሁ።

እምቢ የምትልበትን ደብዳቤ በዚህ ሳምንት እጽፋለሁ። በመስቀለኛ እንዲሆን እኔው ነኝ ያልኩት። ያስታውሱ እንደሆነ አያቴ እንደዚያ ትጽፍ ነበር፤ ወረቀትና የፖስታ ክፍያ ለመቆጠብ ገጹ ከሞላ በኋላ ሩብ ዙር ታዞረውና በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ አቋርጣ እንደገና ትጽፍበታለች። ያልለመደ ሰው ሲያየው ወንፊት ይመስለዋል። ሚስተር ጋርሳይድ በጣም ወደደው። ታምሲን የምታነበው አራት መስመር ብቻ ስለሆነ የተረፈውን በፈለግሁት እንድሞላው ነገረኝ። «የኬክ አሠራር ቢጽፉበትም ግድ የለም፤ ማንም አያነበውም» አለ።

ስለ እርስዎ ጉዳይ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስቱንም አልጨረስኩም። ወረቀቶቹ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። አናጢው ከመምጣቱ በፊት መልሴን ያገኛሉ፤ ቃሌ ነው።

አክባሪዎ
ሄስተር


ስካርንቢ
ኦክቶበር 19 ቀን 1979

ውድ አምብሮዝ፣

ይህ አጭር ደብዳቤ ነው፤ ስለ ጤና ስላልጠየቅሁዎት ይቅርታ።

ፊልሙ ደኒደን ሲደርስ ገብተው እንዳያዩት እለምንዎታለሁ። መርልንም ያስጠንቅቋት። ምክንያቱን አሁን አይጠይቁኝ። ፊልሙ ነውር የለበትም፤ ነውሩ የእኔ ነው።

ነገ ጠዋት ሚስተር ጋርሳይድን ለማነጋገር ቀጠሮ አለኝ። ትልቁን ኮቴን እለብሳለሁ።

ሄስተር


ደኒደን
ኖቬምበር 1 ቀን 1979

ውድ ሄስተር፣

«ፊልም እንዳታይ» ብላ የከለከለችኝ የመጨረሻዋ ሴት እናቴ ነበረች። ያኔም ሄጄ አየሁት፤ አንድ ፈረስ ብቻ ነበረበት። መርል ደብዳቤሽን እንዳነበበች ሲኒማ ቤት ደውላ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀች። ከዓመት በፊት አይደርስም አሏት። ስለዚህ ነውርሽን ለማረም ዓመት አለሽ።

ትልቁን ኮትሽን ግን አውቀዋለሁ። ያንን ለብሰሽ ከሆነ የሄድሽው፣ ለሰውዬው አዝናለሁ።

ቁም ነገሩን ልናገር። እስካሁን በጻፍሽልኝ ሦስት ደብዳቤ ውስጥ «ና» የሚል የለም፤ «አትምጣ» የሚልም የለም። በ1931 ዝምታሽን ሦስት ሳምንት ጠብቄ ነበር፤ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይተርፈኝ ነበር። አልተቆጣሁም፤ ቁጣ በአንቺ እንጂ በእኔ አያምርም። ዲሴምበር 1 ጠዋት ድረስ ምንም ካልመጣ ግን ሳንቃውን ለአናጢው የምይዝለት እኔ ራሴ ነኝ። ከዚያ በኋላ አልጠይቅሽም። የገና ደብዳቤ መጻጻፋችን ግን እንዳይቀር።

አምብሮዝ


ስካርንቢ
ኖቬምበር 10 ቀን 1979

ውድ አምብሮዝ፣

የምነግርዎትን ከእኔ መስማት አለብዎት፤ ከሲኒማ ቤት መጋረጃ ላይ ማንበብ የለብዎትም።

ያንን ደብዳቤ ስጽፍ አራቱን መስመር ቶሎ ጨረስኩ። የቀረውን በኬክ ልሞላው አሰብኩ፤ ነገር ግን «ውድ ወዳጄ» ብሎ በሚጀምር ገጽ ላይ ስለ ዘቢብና ስለ ቅቤ መጻፍ እጄ አሻፈረኝ አለ። ስድስቱ ያልተጨረሱ መልሶቼ አጠገቤ ነበሩ። ገጹን ሩብ ዙር አዞርኩትና ለእርስዎ ልጽፍ ያቃተኝን ሁሉ እዚያ ላይ ጻፍኩት። በመስቀለኛ የተጻፈ ነገር መቃብር ውስጥ የተቀበረ ያህል መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ማን ያነበዋል ብዬ። ያደግሁበትን ነገር ሌላው ሁሉ ረስቶታል ብሎ መገመት የአሮጊት ስህተት ነው።

በሦስተኛው ቀን ታምሲን ቀረጻ እስኪጀመር ሻይ እየጠጣች ገጹን ወደ ጎን አዘነበለችውና አነበበችው። እንዳስተማርኳት ነዋ፤ ቀስ ብላ፣ መስመር ሳትዘል። አልቅሳ የተቀባችውን ሁሉ አበላሸችው። ሥራው ለሁለት ሰዓት ቆመ። ሚስተር ጋርሳይድ ገጹን ተቀብሎ እሱም ወደ ጎን አዘነበለው።

«ሚስ ፒከርስጊል» አለኝ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «የእኔ መሐንዲስ ጀልባ መሥራት የጀመረው መቼ ነው?»

በሰባ ሁለት ዓመቴ እንደ መጀመሪያ ክፍል ልጅ ፊቴ ቀላ። ስቶክዴል እንኳ ከዓሣ መሸጫው በር ላይ ሆኖ «ሚስ፣ ትንሽ ይቀመጡ» አለኝ። የተጻፈው ይህ ነበር፦

«እናቴ አልታመመችም። በዚያው ሳምንት ጣሪያ ላይ ወጥታ የጭስ ማውጫውን ጠርጋለች። አስተማሪ ካገባች በሠርጓ ማግሥት የክፍሉን ቁልፍ ታስረክባለች፤ ደንቡ ይህ ነው። አርባ ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ አሥራ አንዱ ገና ፊደል ቆጥረው አልጨረሱም ነበር። አንተን እወድህ ነበር፤ እነሱንም እወድ ነበር፤ አንዱን ብቻ ያዢ ተባልኩ። አንተ ጀልባ ሠሪ ነህ፤ የትም ብትሄድ አትሰምጥም ብዬ ፈረድኩ። እውነቱን ብነግርህ እጠብቅሻለሁ ትል ነበር፤ ስትጠብቀኝ እያየሁ ደግሞ ማስተማር አልችልም። ስለዚህ ጤነኛ እናቴን አስተኛኋት። ልጆቹን መርጬ አልተጸጸትኩም። የተጸጸትኩት ውሸት ሰጥቼ ስለ ሸኘሁህ ነው።»

ትልቁን ኮት ለብሼ ሄጄ ሚስተር ጋርሳይድን ገጹን ይመልሱልኝ አልኩት። ቀርጸውታል። ታምሲን ጮክ ብላ አንብባዋለች፤ ጀልባው ሐዲድ ሆኗል እንጂ ቃሉ የእኔው ነው። ሰውዬው ግን ክፉ አይደለም። ሻርፑን ፈትቶ ተቀመጠና «ለምን እምቢ እንዳለችው ሁለት ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጣሁ፤ እርስዎ በአንድ ገጽ ጻፉት። ይውጣ ካሉኝ አወጣዋለሁ። እስከ ገና ያስቡበት» አለኝ። ገጹ የእርስዎም ስለሆነ የሚፈርዱት እርስዎ ነዎት።

ደንቡ በ1944 ሲሻር ልጽፍልዎ ወረቀት አወጣሁ። መርል ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወረቀቱን መልሼ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ከቤቱ ሦስት በር አልፈው ሊከራዩ ያሰቡበት ሰው ማን እንደሆነ አውቀዋል። ከአሁን በኋላ የሚጠይቀው እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ነኝ። አናጢውን ይመልሱትና ይምጡ። ይምጡ፣ አምብሮዝ።

ሄስተር


ቴሌግራም
ደኒደን፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1979

አናጢው ተመልሷል። መርል አልቅሳ ስቃለች። ደብዳቤ ይከተላል። ኮቱን አውልቂ። አምብሮዝ


ደኒደን
ኖቬምበር 20 ቀን 1979

ውድ ሄስተር፣

እናትሽ ጤነኛ እንደነበሩ አውቅ ነበር።

ወንበርሽን ያዢ፤ ልንገርሽ። ከስካርንቢ የወጣሁ ጠዋት አራት ማይል በእግራቸው ተጉዘው ባቡር ጣቢያው ድረስ መጡ። አንድ ሙሉ ዳቦና አንድ ክብ አይብ ይዘዋል።

«እናቴ ታማለች ብላሃለች አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እመቤቴ» አልኩ።

«እንግዲህ በሽተኛዋ የጋገረችውን ብላ» ብለው ሻንጣዬን አንሥተው ባቡሩ ውስጥ ወረወሩልኝ። ከባድ ሻንጣ ነበር፤ መጋዝና መዶሻዬ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አርፌ ነበር ያመጣሁት።

ለምን አልነገርከኝም ትያለሽ። ያንን ውሸት እንዴት ተጠንቅቀሽ እንደ ሠራሽው አየሁና ላፈርሰው አልጨከንኩም። ምክንያቱን ግን አላወቅሁትም። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የጠረጠርኩት ያንን የፖስታ ቤቱን ጢማም ነበር። ባሕር ላይ ሳለሁ በሐሳቤ ጢሙን ስንት ጊዜ እንደ ነቀልኩት አትጠይቂኝ። ለጢማም ከመሸነፍ ለአርባ ሦስት ልጆች መሸነፍ ምን ያህል እንደሚሻል ደግሞ አታውቂም። ትናንት ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ጀርባዬ ቀና አለ፤ መርል «አባዬ፣ ምን ሆንክ? ረዘምክ» አለችኝ።

አሥራ አንዱ ልጆች ፊደሉን ጨረሱ ወይ? ይህን ሳልሰማ እንዳልሞት።

ገጹ አይውጣ። ሐዲድ ያደረጉትን ግን ወደ ጀልባ ቢመልሱት እወዳለሁ፤ ካልሆነም ግድ የለም።

በጃንዋሪ 21 ቀን በአውሮፕላን ማንቸስተር እደርሳለሁ። መርል አሁን አናጢውን መልሳ ጠርታ ክፍሉን ለራሷ ስፌት ልታሠራው ነው፤ ከመጀመሪያውም የፈለገችው ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። የጋብቻውን ጥያቄ ፊት ለፊትሽ ቆሜ እጠይቅሻለሁ። በወረቀት ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ ምን እንደሆንኩ አይተሻል። ስለዚህ እሱን በደብዳቤ እንዳትመልሺልኝ፤ እለምንሻለሁ።

አምብሮዝ


ስካርንቢ
ዲሴምበር 3 ቀን 1979

ውድ አምብሮዝ፣

ዘጠኙ ጨረሱ። አሥረኛዋ በሁለተኛው ዓመት ጨረሰች፤ አሁን በሊድስ ዳኛ ናት። አሥራ አንደኛው ስቶክዴል ነው፤ የዓሣውን ስም ዛሬም ሰሌዳ ላይ የምጽፍለት እኔ ነኝ።

የእናቴ ነገር ዛሬ ነው የገባኝ። ያን ቀን ቤት ስትመለስ «የት ነበርሽ?» ብላት «አየር ልቀበል ወጥቼ ነው፤ በሽተኛ አይደለሁ?» አለችኝ። ከምግብ ማስቀመጫው አይብ ጠፍቶ ነበር፤ አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ አጠመድኩ።

ሚስተር ጋርሳይድን ገጹ ይቆይ ብዬዋለሁ፤ አንድ ቦታ ታምሲን ተቻኩላ ስላነበበች እንድትደግመው አደረግኋት። አራት ጊዜ። ጀልባውን አልመለሰም፤ ሐዲዱ ብዙ ወጪ ፈሶበታል አለኝ።

ጃንዋሪ 21 ሰኞ ነው። ከማንቸስተር ዊትቢ ድረስ በባቡር ትመጣለህ፤ ከዚያ አውቶቡስ አለ። የመጨረሻው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፤ እንዳያመልጥህ፤ ማክሰኞ ጠዋት ድረስ ሌላ የለም። ፌርማታው ላይ እቆማለሁ። የድሮዋን እንዳትፈልግ፤ አጥራለች። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዘህ ና፤ እዚያ በጋ ነው ብለህ ቀጭን ለብሰህ ብትመጣ አላዝንልህም።

ያንን ጥያቄ በደብዳቤ እንዳልመልስልህ ለምነኸኛል። አርባ ስምንት ዓመት ዘግይቼበታለሁ፤ ሌላ ሰባት ሳምንት ልጨምርበት አልችልም።

አዎ።

ከእንግዲህ «አክባሪዎ» የማትልህ
ሄስተር